«ፖሊሲያችን 60 ቀን ነው» ሲሏችሁ፣ የትኛው 60 ቀን?

ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ወዳጄ ዶሜይኑን ወደ ሌላ ሬጂስትራር (ዶሜይን መዝጋቢ ድርጅት) ሊያዛውር ሲል «60 ቀን ጠብቅ» ተባለ። ምክንያቱን ቢጠይቅ «በቅርቡ የባለቤት መረጃ ቀይረሃል» አሉት። የቀየረው ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው! በውስጥ መስመር ይህንኑ ጥያቄ የምታነሱ ብዙ ስለሆናችሁ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ዶት ኮም፣ ዶት ኔት፣ ዶት ኦርግና መሰሎቻቸው የሚተዳደሩት የዶሜይን ስሞችን በዓለም ደረጃ በሚያስተባብረው ድርጅት፣ በአይካን (ICANN)፣ የዝውውር ፖሊሲ ነው። በዚህ ፖሊሲ ውስጥ «60 ቀን» የሚባለው አንድ ነገር ሳይሆን ሦስት ነው። የድጋፍ ሠራተኞች ግን ሦስቱንም ደባልቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሱላችኋል።

አንደኛው ዶሜይኑ ገና ሲመዘገብ፣ ሁለተኛው ከሌላ ሬጂስትራር ተዛውሮ ሲመጣ የሚቆጠር ነው። በእነዚህ በሁለቱ ፖሊሲው ለሬጂስትራሩ የሚሰጠው መከልከል የመቻል መብት ነው፤ ግዴታ አልጣለበትም። ስለዚህ «አይካን አስገድዶን ነው» ካሏችሁ እውነቱን አልነገሯችሁም። እነሱ የመረጡት አሠራር ነውና ደህና ምክንያት ካላችሁ አስረድታችሁ እንዲያነሱላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ግን ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2016 ጀምሮ የዶሜይኑ ባለቤት ስም፣ ድርጅት ወይም ኢሜይል በቁም ነገር ከተቀየረ ዝውውሩ ለ60 ቀን ይቆለፋል። ማምለጫው አንድ ብቻ ነው፤ ሬጂስትራሩ «ቁልፉ ይቅርልኝ» የሚል ምርጫ ካቀረበ፣ ለውጡ ከመደረጉ በፊት መምረጥ። ምርጫውን ማቅረብ የእነሱ ፈቃድ ነው፤ ካለም ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ የተደበቀች ትንሽ ሳጥን ናት። «አስቀምጥ» የሚለውን ከተጫናችሁ በኋላ ብትፈልጓት ዋጋ የላትም።

አሁን ወደ ወዳጄ ስልክ ቁጥር እንመለስ። ስልክ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የፖስታ አድራሻም የለም። በስም ላይ የፊደል ግድፈት ማረምም እንደ ባለቤት ለውጥ አይቆጠርም። ዶሜይን ማደስ ወይም ኔምሰርቨር መቀየር ደግሞ ጭራሽ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ መጨቃጨቁን ትተን ሁለት ጥያቄ ብቻ ጻፍንላቸው፦ «የተቀየረው የትኛው መረጃ ነው? የምትጠቅሱትስ የፖሊሲውን የትኛውን አንቀጽ ነው? መልሱን በጽሑፍ ላኩልን።» ማብራሪያ አልመጣም። ቁልፉ ግን ተከፈተ።

«መጀመሪያ ለመጪው ዓመት ካልከፈልክ አናዛውርም» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። ይህም ተቀባይነት የለውም፤ ዕዳ ሆኖ ሊያስከለክል የሚችለው ያልተከፈለ ያለፈ ወይም የተያዘው የምዝገባ ዘመን ነው። እንዲያውም ዶት ኮም ሲዛወር አዲሱ ጋ የምትከፍሉት በቀሪው ጊዜያችሁ ላይ አንድ ዓመት ይጨምርላችኋል።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ሰዎች። አገር ቤት በዶላር የሚከፍል ካርድ እንደ ልብ ስለማይገኝ ስንቱ ዶሜይን የተመዘገበው ሜሪላንድ ወይም ዱባይ ባለ እህት ወይም ወንድም ስም ነው። ንግዱ ሲያድግ ባለቤቱ ስሙን ወደ ራሱ ማዞርም ሬጂስትራር መቀየርም ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ስሙን ካስቀደማችሁ ሁለት ወር ትቆለፋላችሁ። በእህትየው ስም እንዳለ አዛውራችሁ፣ ስሙን አዲሱ ሬጂስትራር ጋ ስትደርሱ ቀይሩ። እዚያ ቢቆለፍም መሄድ ወደምትፈልጉበት ደርሳችኋል፤ ድረ ገጹና ኢሜይሉ ሥራቸውን አያቆሙም። (የማረጋገጫው ኢሜይል ለእሷ ስለሚሄድ ቀድማችሁ ንገሯት።) የተማረራችሁት በሆስቲንጉ ብቻ ከሆነም መጠበቅ አያስፈልግም። ዶሜይኑን ሳታንቀሳቅሱ ኔምሰርቨሩን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ማዞር ትችላላችሁ።

ቁልፉ ያለ ምክንያት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በጃንዋሪ 2005 የኒው ዮርኩ ኢንተርኔት አቅራቢ ፓኒክስ ዶሜይኑ በቅዳሜና እሑድ፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁ፣ ወደ አንድ የአውስትራሊያ ሬጂስትራር ተዛውሮ የደንበኞቹ ኢሜይል ተቋርጦ ነበር። ሌባ ዶሜይንን ከሬጂስትራር ወደ ሬጂስትራር እያዘለለ ከወሰደው ማስመለሱ ፈተና ነው። ቢሆንም የባለቤት ለውጡ ቁልፍ ከሌባው ይልቅ ሐቀኛውን ሻጭና ገዢ የሚያንገላታ ይመስለኛል። ፖሊሲውን እንዲከልስ የተቋቋመው የአይካን ቡድንም በ2025 ባቀረበው የመጨረሻ ሪፖርት ይህ ቁልፍ እንዲቀር፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ወደ 30 ቀን እንዲወርዱ ሐሳብ አቅርቧል። ተግባራዊ እስኪሆን ግን የምንሟገተው ባለው ሕግ ነው።

ሙግቱ ካልሠራስ? ቁልፍ የመክፈትና የዝውውር ኮድ የመስጠት ጥያቄያችሁን ሬጂስትራሩ በ5 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ካለፈ ወይም የሰጣችሁ ምክንያት ፖሊሲው ውስጥ ከሌለ በአይካን ድረ ገጽ ላይ የዝውውር አቤቱታ ቅጽ አለ፤ ክፍያ የለውም። የጻፋችሁትንና የመለሱላችሁን ከነቀኑ አያይዙ። አይካን ካሣ አያስከፍልላችሁም፤ ሬጂስትራሩን ግን በውሉ መሠረት ይጠይቀዋል። በዶት ኢቲ ለሚያልቁ አድራሻዎች ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እነሱን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ እዚያው ነው የምትሄዱት።