«የክላስ ቺንጋ» ወይስ «ለክላስ የሚሆን ቺንጋ»?

ኅዳር ሲገባ ከኢተያ እስከ በቆጂ ባለው የአርሲ ደጋ ኮምባይነር ከማሳ ማሳ ይዞራል። አጨዳው መሃል ቺንጋ ከተበጠሰ ማሽኑ ይቆማል፤ ዝናብ ያሰጋል፤ ተራ የሚጠብቀውም ብዙ ነው። ኦፕሬተሩ አሰላ መጥቶ መለዋወጫ ሱቅ ገባና «የክላስ ቺንጋ አለ?» አለ እንበል።

ባለሱቁ ሁለት ካርቶን ያወርዳል። አንዱን ያወጣው የኮምባይነሩ አምራች ክላስ ራሱ ነው። ሁለተኛው የሌላ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ርዝመቱና ስፋቱ ያው ስለሆነ ይገጥማል፤ ዋጋውም ቀነስ ይላል። ታዲያ ይህ ፋብሪካ ካርቶኑ ላይ «ክላስ» ብሎ መጻፍ ይችላል? ስሙ እኮ የሌላ ሰው ነው።

ይችላል፤ ጉዳዩ አጻጻፉ ላይ ነው። የንግድ ምልክት ዋና ሥራው ገዢው ዕቃው ከማን እጅ እንደወጣ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ያልተፈቀደለት ሰው በተመዘገበ ምልክት ሸማቹን እንዳያሳስት ይከለክላል። ያው አዋጅ ግን ነጋዴው የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራትና የታሰበለትን አገልግሎት በቅን ልቦና ቢገልጽ፣ መግለጫው ለመረጃ ብቻ እስከሆነና የዕቃውን ምንጭ እስካላምታታ ድረስ፣ ባለምልክቱ ሊከለክለው አይችልም ይላል።

እዚህ ላይ አማርኛችን በአንዲት ፊደል ያግዘናል። «የክላስ ቺንጋ» ሁለት ነገር ነው፦ ክላስ የሠራው፣ ወይም ክላስ ላይ የሚገጠም። በቃል ሲሆን ባለሱቁን ጠይቆ መለየት ይቻላል። ካርቶን ግን አይጠየቅም። «ለክላስ ኮምባይነር የሚሆን» ተብሎ፣ ሞዴሉ ተጠቅሶ፣ የአምራቹ የራሱ ስም ጎላ ብሎ ከተጻፈ መንታነቱ ይጠፋል። የክላስን አርማ በቅርጹና በቀለሙ ማተም ሌላ ነገር ነው። መግጠሙን ለመናገር ስሙ ይበቃል፤ አርማውን መጨመር የባለቤቱን ልብስ መልበስ ነው።

ጥያቄው ፊንላንድ ውስጥ በምላጭ ተነሥቷል። አንድ ኩባንያ ምላጩ የራሱንም የጂሌት ሴንሰርንም እጀታ እንደሚገጥም ማሸጊያው ላይ ለጠፈ፤ ጂሌት ከሰሰ። የአውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በሰጠው ውሳኔ፣ ለገዢው የተሟላ መረጃ ለመስጠት ሌላ መንገድ ከሌለ ስሙን መጥቀስ ይቻላል አለ። የንግድ ዝምድና እንዳለ ማስመሰልን፣ በስሙ ዝና መነገድንና ምልክቱን ማንቋሸሽን ግን አልፈቀደም። ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ከቢኤምደብሊው ወኪሎች ውጪ የሆነ የኔዘርላንድ መካኒክ የኩባንያውን መኪኖች እንደሚጠግን ማስተዋወቅ ይችላል ብሎ ነበር፤ ወኪል እስካልመሰለ ድረስ። ለአሰላ ጋራዥም ይህ ጥሩ መለኪያ ይመስለኛል፦ «ቶዮታ እንጠግናለን» እውነቱን ይናገራል፣ «የቶዮታ ጋራዥ» ግን ያሳስታል።

አንዳንዱ ስም ደግሞ ከባለቤቱ ያመልጣል። ባለሦስት እግሯን ተሽከርካሪ ማንም ቢሠራት «ባጃጅ» እንላታለን፤ ባጃጅ ግን የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ነው፣ ቲቪኤስ የተባለ ሌላ ኩባንያም ተመሳሳይ ይሠራል። ስለዚህ «የባጃጅ ፍሬን ሸራ» ብሎ የመጣን ሾፌር ባለሱቁ መልሶ ይጠይቀዋል፦ «ራሱ ባጃጅ ነው ወይስ ቲቪኤስ?»