የተሟላ የመኖ ብሎክ፦ ምን ይይዛል፣ እንዴት ይሠራል፣ ለማን ያዋጣል?

ጭድ የጫነ አይሱዙ አስፋልት ላይ ሲያልፍ ያየ ሰው መኪናው አሁኑኑ የሚገለበጥ ይመስለዋል። ጭነቱ ከካቢናው በላይ ተቆልሎ፣ ግራና ቀኝ ተንዠርግጎ፣ በገመድ ተተብትቦ ነው የሚጓዘው። ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን መኪናው ከሚችለው ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ባለቤቱ ለኪራይ ከከፈለው ገንዘብ አብዛኛው በጭዱ መሐል ላለው አየር የተከፈለ ነው።

የተሟላ የመኖ ብሎክ አንዱ መነሻ ይህ ነው። ጭድ ወይም አገዳ ይከተፋል፣ ከፋጉሎ፣ ከፉርሽካ፣ ከሞላሰስ፣ ከጨውና ከሌሎች ማዕድናት ጋር ይለወሳል፣ ከዚያ በመጭመቂያ ተጠቅጥቆ የጡብ ቅርጽ ይይዛል። ጭኮ ለመንገደኛ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ብሎኩም ለከብቱ በትንሽ ቦታ የተቋጠረ ሙሉ ቀለብ ነው። ከብቱ ከእሱ ሌላ የሚፈልገው ውሃ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል።

ከዝርዝሩ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ መጭመቅ ጭድን ገንቢ አያደርገውም። ማሽኑ ቦታ ይቆጥባል፣ ማጓጓዣ ያቀላል፣ ድብልቁ እንዳይበተን ያደርጋል። ከብቱን የሚያጠግበውና የሚያሳልበው ግን ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተደባለቀው ነገር ነው።

ጭድ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ላም፣ በግ፣ ፍየልና ግመል የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። ሰው ሊፈጨው የማይችለውን ቃጫ የሚያብላሉላቸው፣ በትልቁ የሆድ ክፍላቸው ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ተሕዋስያኑ ጭዱን ሲያብላሉ የሚያወጧቸው አሲዶች በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ፤ ከብቱ ከሚያገኘው ጉልበት አብዛኛው ከእነዚህ የሚመጣ ነው። ተሕዋስያኑ ራሳቸውም በመጨረሻ ወደ ታችኛው ሆድ ወርደው ይፈጩና ለከብቱ ፕሮቲን ይሆናሉ። ስለዚህ ከብት አርቢ በመጀመሪያ የሚቀልበው ላሟን ሳይሆን በሆዷ ያሉትን ተሕዋስያን ነው ማለት ይቻላል።

ተሕዋስያኑ እንዲራቡ ናይትሮጅን ያስፈልጋቸዋል። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ ቁጥራቸው ይቀንሳል። የስንዴና የጤፍ ጭድ ደግሞ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው። ተሕዋስያኑ ሲያንሱ ጭዱ ሳይብላላ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ሆድ ስላልጎደለ ከብቱ ተጨማሪ መብላት ያቆማል። በበጋ ወራት ጭድ ከፊቱ ሳይጠፋ፣ ሆዱም ተነፍቶ፣ ጎድኑ የሚቆጠር በሬ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የተሰጠው ጭድ ማነስ ሳይሆን ጭዱን የሚያብላላው ኃይል መዳከም ነው።

ሁሉም በአንድ ጉርሻ

ብዙ አርቢዎች ጭዱን ለብቻ፣ ፉርሽካና ፋጉሎውን ደግሞ በእልበት ሰዓት ለብቻ ይሰጣሉ። ይህ ከምንም ይሻላል፤ ሁለት ጉድለቶች ግን አሉት። አንደኛ፣ ዱቄት መሰሉ መኖ ሆድ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲገባ ፈጥኖ ይብላላና አሲዱ ከፍ ይላል፤ ቃጫ የሚያብላሉት ተሕዋስያን ደግሞ አሲድ አይወዱም። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ገበታ ላይ ተነስንሰው ቢቀርቡም ከብቱ ጣፋጩን ለቅሞ ጭዱን ይተወዋል።

በደንብ የተለወሰ ብሎክ ይህን ያስቀራል። እያንዳንዱ ጉርሻ ጭድም፣ ፋጉሎም፣ ጨውም ስላለበት መምረጥ አይቻልም፤ ሆድ ውስጥ ያለው ሁኔታም ቀኑን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። በዚህ ላይ ብሎክ በጥቃቅን እንክብል መልክ ከሚጨመቀው መኖ፣ ከፔሌት፣ የሚለይበት ትልቅ ነጥብ አለ። ፔሌት ለመሥራት ቃጫው መፈጨት አለበት። በብሎክ ውስጥ ግን ጭዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመቱን እንደያዘ ይቆያል። ከብቱ ስለሚያመሰኳው ምራቅ ያመነጫል፤ ትልቅ የወተት ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ልታመነጭ ትችላለች። ያ ምራቅ የሆድን አሲድ ያለዝባል። ቃጫው ልሞ ዱቄት ከሆነ ይህ ጥቅም ይቀራል።

ከሚላሰው ብሎክ ጋር አይምታታ

በአገራችን የምርምር ማዕከላትና የግብርና ባለሙያዎች ለዓመታት ያስተዋወቁት የዩሪያ ሞላሰስ ብሎክ ሌላ ነገር ነው። እሱ ከሞላሰስ፣ ከዩሪያ፣ ከፉርሽካ፣ ከጨውና ከማጠንከሪያ (አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶ) ተለውሶ የሚደርቅ፣ ከብቱ በቀን ጥቂት መቶ ግራም ብቻ የሚልሰው ማሟያ ነው። ዩሪያው እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ስለሚችል ጠንካራ ሆኖ መሠራቱ ግዴታ ነው፤ ከብቱ ገምጦ ከበላው ይመረዛል። የተሟላው ብሎክ ግን ተቆርሶ የሚበላ ምግብ ስለሆነ በውስጡ የሚገባው ዩሪያ እጅግ ጥቂት ነው። የአንዱን ቀመር ለሌላው መጠቀም እንስሳ ይገድላል።

ምን ምን ይገባበታል?

ለ100 ኪሎ ግራም ድብልቅ ሁለት ምሳሌ እንይ። የመጀመሪያው በቀን ከ5 እስከ 6 ሊትር ለምትታለብ ላም የሚሆን ነው፦

የስንዴ ወይም የጤፍ ጭድ 55 ኪ.ግ
የስንዴ ፉርሽካ 18 ኪ.ግ
የኑግ ፋጉሎ 15 ኪ.ግ
ሞላሰስ 10 ኪ.ግ
የኖራ ድንጋይ ዱቄት 0.75 ኪ.ግ
ጨው 0.75 ኪ.ግ
ዩሪያ 0.5 ኪ.ግ

የጭዱን ፕሮቲን 4.5፣ የፋጉሎውን 30፣ የፉርሽካውን 16፣ የሞላሰሱን 4 በመቶ ብለን ብናሰላና ከዩሪያው የሚገኘውን ናይትሮጅን ብንጨምር፣ ድብልቁ ከ11 በመቶ በላይ ፕሮቲን ይኖረዋል።

ሁለተኛው በድርቅ ጊዜ ነፍስ ለማቆየት የሚሆን ነው፦ ጭድ 78፣ ሞላሰስ 12፣ ፉርሽካ 8፣ ዩሪያ 0.8፣ ጨው 0.6፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 0.6 ኪ.ግ። ይህ 7.5 በመቶ ያህል ይደርሳል። ወተት አያሳልብም፤ የተሕዋስያኑን ሥራ ግን አያስቆምም።

እያንዳንዱ የገባው በምክንያት ነው። ሞላሰስ ፈጣን ጉልበት ይሰጣል፣ ብሎኩንም ያጣብቃል፤ የሚገኘውም እንደ ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ ካሉ ስኳር ፋብሪካዎች ነው። ፉርሽካ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን ያንሰዋል፤ ጉድለቱን የሚሞላው የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ ነው። ይህም የተፈጨው ድንጋይ እንጂ ለግንባታ የሚቃጠለው ኖራ አይደለም። የደረቀ ጭድ ቫይታሚን ኤ ስለሌለው ብሎክ ለወራት የሚበላ ከብት የቫይታሚንና የማዕድን ቅመም ወይም ትንሽ እርጥብ ሣር ያስፈልገዋል። የፋጉሎው ጥራትም ይታይ፤ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን ይይዛል፣ መርዙም በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል።

አሠራሩ

መጀመሪያ ጭዱ ከድንጋይ፣ ከሽቦና ከፕላስቲክ ይጸዳል። በአውድማ በከብት የተወቃ ጭድ ቀድሞውኑ ስለተሰባበረ ብዙ መከተፍ አይፈልግም። የበቆሎና የማሽላ አገዳ ግን በመከተፊያ ማሽን ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ይቆረጣል።

ቀጥሎ ዩሪያው በሚዛን ተለክቶ በጥቂት ውሃ ይሟሟል፤ አንድም ፍሬ ሳይሟሟ እንዳይቀር ይታያል። የሟሟው ዩሪያ ሞላሰስ ውስጥ ይገባና ይማሰላል። ጨውና የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ ከፉርሽካው ጋር በደረቁ ይደባለቃሉ፤ ጥቂት የሆነ ነገር ብዙ ውስጥ እኩል የሚዳረሰው እንዲህ ደረጃ በደረጃ ሲደባለቅ ነው። ከዚያ ፋጉሎው፣ ሞላሰሱ፣ በመጨረሻም ጭዱ ይገባል። ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ መያያዝ አለበት፣ ውሃ ግን መንጠብ የለበትም።

አሁን ለአንድ ብሎክ የሚበቃው ተመዝኖ ሳጥኑ ውስጥ ይገባና በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ይጠቀጠቃል። ግፊቱ እንደደረሰ ወዲያው መልቀቅ አይገባም። ጭድ እንደ ላስቲክ የመመለስ ጠባይ አለው፤ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ተይዞ ካልቆየ ብሎኩ ሲወጣ ያብጥና ይሰነጠቃል። በመኪና ክሪክ የሚሠራ የእጅ መጭመቂያም ለትንሽ ሥራ ይሆናል፤ ከእሱ የሚወጣው ብሎክ ልል ስለሆነ ግን በሲባጎ መታሰር አለበት።

የወጣው ብሎክ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ይደርቃል። እርጥበቱ ከ12 እስከ 14 በመቶ ካለፈ መሐሉ ይሻግታል። መጋዘን ሲገባ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ፣ በመደዳዎቹ መሐል አየር እንዲያልፍ ይደረደራል። ጥሩ ብሎክ ከደረት ከፍታ ቢወድቅ አይበታተንም፤ ቢሰበር መሐሉ የሞላሰስ ሽታ እንጂ የሻጋታ ሽታ የለውም።

ዩሪያን መጠንቀቅ

ለመኖ የሚሆነው ነጩ ዩሪያ ብቻ ነው። ኤን.ፒ.ኤስ፣ ዳፕና ሌሎች ማዳበሪያዎች ፈጽሞ አይገቡም። ዩሪያው ከከብቱ ጠቅላላ ደረቅ መኖ 1 በመቶ ማለፍ የለበትም። ሆዳቸው ገና ላልዳበረ፣ ከ6 ወር በታች ለሆኑ ጥጆች፣ እንዲሁም ለግልገሎች አይሰጥም። ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያም ቢሆን ቃጫ የሚያብላሉት በትልቁ አንጀታቸው ስለሆነ ዩሪያ ያለበትን ብሎክ ማቅረብ አይመከርም።

አደጋው የሚብሰው ለብዙ ቀን የተራበ ከብት በአንድ ጊዜ አጥብቆ ሲበላ ነው። ሆድ መነፋት፣ መንቀጥቀጥ፣ ለሃጭ ማብዛትና መንገዳገድ ከታየ ጊዜ አይሰጥም። ኮምጣጤን ከብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ማጠጣት የተለመደ የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ ሐኪም ግን ወዲያው መጠራት አለበት።

እንዴት ይቅረብ?

250 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን 7 ኪሎ ግራም ያህል ብሎክ ትበላለች። ብሎኩ ተሰብሮ ገበታ ላይ ይቀርባል፤ ጥርሳቸው ላለቀ አሮጌ ከብቶች ውሃ ቢርከፈከፍበት ይለሰልሳል። ሆድ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን አዲሱን መኖ እንዲለምዱ ከ10 እስከ 14 ቀን ቀስ በቀስ እየተጨመረ ይሰጣል። ደረቅና ጨው ያለበት መኖ ስለሆነ ውሃ መጓደል የለበትም፤ 7 ኪሎ የበላች ላም ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ሊትር ትፈልጋለች። ውሃ በሌለበት ብሎክ ማከፋፈል እርዳታ አይሆንም።

ለማን ያዋጣል?

ይህን ሥራ በስፋት የሞከረችው ህንድ ናት። በሰሜን ምዕራብ ያሉት ፑንጃብና ሃሪያና ጭድ ተርፏቸው ማሳ ላይ ሲያቃጥሉ፣ ሌሎች ክልሎች በመኖ እጥረት ይቸገራሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2012 በህንድ ልምድ ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ አሳትሟል።

ተመሳሳይ መራራቅ እኛም ዘንድ አለ። በአርሲና በባሌ ደጋዎች ኮምባይነር ያጨደው የስንዴ ጭድ ማሳ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ከዚያ በታች ባለው የቦረና ቆላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ በመኖ እጦት አለቀ። ለ100 ከብት፣ በቀን 5 ኪሎ ሂሳብ፣ የአንድ ወር ነፍስ ማቆያ 15 ቶን ነው። አንድ ሜትር ኩብ የተበተነ ጭድ 60 ኪሎ፣ አንድ ሜትር ኩብ ብሎክ 400 ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ የመጀመሪያው 250 ሜትር ኩብ ቦታ ሲይዝ ሁለተኛው ከ40 ያነሰ ይበቃዋል። ድርቅ ሳይመጣ በመጋዘን ለማቆየትም ቢሆን ይኸው ልዩነት ወሳኝ ነው።

ጭዱን ከራሱ አውድማ የሚያገኝ፣ ሁለትና ሦስት ላም ያለው ገበሬ ግን ማሽን መግዛት አያስፈልገውም። ያንኑ ድብልቅ በሸራ ላይ ለውሶ ዕለት በዕለት ቢሰጥ ላሚቱ የምታገኘው ጥቅም አንድ ነው። መጭመቂያው የሚያዋጣው መኖው ሩቅ ሲሄድ፣ ለወራት ሲቀመጥ፣ ወይም እንደ አዲስ አበባ፣ ቢሾፍቱና አዳማ ላሉ ቦታ ለጠበባቸው የከተማ ወተት አምራቾች ሲሸጥ ነው፤ ማኅበራትና ዩኒየኖች ቢይዙት ይበልጥ ያስኬዳል።

ብሎክ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ከመቶው ስንቱ ጭድ ነው፣ ፕሮቲኑ ስንት ነው፣ ዩሪያስ አለበት ወይ፣ ካለስ ምን ያህል? ሻጩ ይህን በጽሑፍ ካልሰጠ፣ ገዢው በፋጉሎ ዋጋ የተጠቀጠቀ ጭድ ሊገዛ ይችላል።