አምስት ላይ የቆመው ማዞሪያ

አምፕሊፋየር የጊታሩ ፒክአፕ የሚልከውን ደካማ ሲግናል አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጥ ዕቃ ነው። ይህን የማያውቅ ጊታሪስት የለም። የሚያሳዝነኝ የጃዝ ተጫዋቹ የዓመታት ቁጠባውን ለጊታሩ አውጥቶ አምፑን እንደ ትርፍ ዕቃ ሲያየው ነው። ጊታሪስቱ ቻርሊ ክሪስቲያን እ.ኤ.አ. በ1939 ከቤኒ ጉድማን ጋር መጫወት ሲጀምር፣ ጊታር እንደ ሳክስፎን ፊት ወጥቶ ሶሎ የመታው አምፑ አጠገቡ ስለነበረ ነው።

ስለ ምርጫ አጭር ነገር ልበል። ቲዩብ የሌለው አምፕ ለጃዝ አይሆንም የሚሉ ብዙ ናቸው። ጊታሪስቱ ጆ ፓስ የተጫወተበት ፖሊቶን አምፕ ግን ባለ ትራንዚስተር ነው፤ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ጄሲ-120ም እንደዚያው። ጂም ሆል ደግሞ ቲዩብ ባለው ጊብሰን ጂኤ-50 ይጫወት ነበር። ወፈር ያለ ኮርድ ምቱና ቮልዩሙን ጨምሩ፤ ድምፁ ሳይሰነጠቅ እያንዳንዱ ኖታ ለየብቻ ከተሰማችሁ ግዙት።

ልቤ ያለው ማዞሪያዎቹ ላይ ነው። ቤዝ፣ ሚድል፣ ትሬብል ሦስቱም አምስት ላይ ሲሆኑ አምፑ የጊታሩን ድምፅ እንዳለ ያወጣዋል ብሎ የሚያምን ስንቱ ነው! በፌንደር ትዊን ሪቨርብና የእሱን አሠራር በተከተሉት አምፖች ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። ከማዞሪያዎቹ ጀርባ ያለው ሰርኪዩት በራሱ ምንም አይጨምርም፤ የሚያውቀው መቀነስ ብቻ ነው። አሥር ማለት እንኳ «ትንሽ ቀንስ» ማለት ነው። ሦስቱም አምስት ላይ ሲቆሙ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚቀነሰው መሀሉ ነው፤ ከ400 እስከ 500 ኸርዝ አካባቢ ድምፁ ይጎደጉዳል። በአንደኛው ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ያለው ኖታ 440 ኸርዝ ነው። እንግዲህ ዜማችሁን የምትጫወቱበት ቦታ ላይ ነው ጉድጓዱ ያለው።

ጊታሪስቱ ድምፁ ሲሳሳበት ቤዝ ይጨምራል፤ ከባሲስቱ ጋር ይጋጫል። ትሬብሉ ሲወጋው የጊታሩን የቶን ማዞሪያ ጨርሶ ይዘጋል፤ ድምፁ ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ይህን «ሞቅ ያለ የጃዝ ቃና» የሚሉ ሰዎችን አልቀበላቸውም። የጊታሪስቱ የዌስ ሞንትጎመሪ ሙቀት መነሻው አውራ ጣቱ ነበር፤ ኖታዎቹ ደግሞ አንድ በአንድ ይሰማሉ።

መፍትሔው ሚድሉን እስከ አሥር መክፈት፣ ቤዙንና ትሬብሉን ሁለት ገደማ ማድረስ ነው። ድምፁ ስለሚቀንስ ቮልዩሙን ከፍ አድርጉ። የፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ የሚድል ማዞሪያ የለውም፤ እዚያ ቤዙንና ትሬብሉን ዝቅ ማድረግ መሀሉን ከፍ እንደማድረግ ነው።

አንድ ምሽት አዲስ አበባ ባለ አንድ ክለብ ውስጥ አንድ ወጣት በእረፍት ሰዓት መጥቶ «ጋሼ፣ ሶሎዬ ለምን አይሰማም?» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ቤዙ ስምንት፣ ሚድሉ ሦስት፣ አምፑ መሬት ላይ። ማዞሪያዎቹን እንዳልኩት አድርጌ አምፑን ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ አወጣነው። ወለሉ ራሱ ቤዝ ይጨምራል፤ ትሬብል ደግሞ እንደ ባትሪ መብራት ፊት ለፊት ስለሚሄድ፣ መሬት ላይ ካለ አምፕ አጠገብ የቆመ ሰው ጆሮ ላይ አይደርስም። ልጁ አንድ ኮርድ መታና እጁን ከክሮቹ ሳያነሳ እስኪጠፋ አዳመጠው።

በሳምንቱ ስመለስ ሌላ ባንድ ሦስቱንም አምስት ላይ መልሷቸው ነበር። የጋራ አምፕ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ቦታውን በፕላስተር ምልክት አድርጉበት።