በቤቱ የሚታከም ሕፃን፦ ከባድ የምግብ እጥረትና የአጥቢያዎቻችን ድርሻ

ወለጋ በልምላሜው የታወቀ አገር በመሆኑ፣ በአርጆና በአካባቢዋ ሕፃናት በምግብ እጥረት ይታመማሉ ሲባል የሚደነቅ ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ የምድሩ ልምላሜና የሕፃኑ ገበታ ሁልጊዜ አይገናኙም። የአምናው በቆሎ አልቆ አዲሱ ሳይደርስ በሚቆይበት ክረምት፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው በዘመድ ቤት በተጠለሉ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ወይም እናት በታመመችበት ቤት፣ ሕፃኑ ከበቆሎ ገንፎና ከቂጣ በቀር ሌላ ሳይቀምስ ወራት ያልፋሉ። በዚህ መንገድ ሰውነቱ የመነመነ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን የሚያስፈልገው የምግብ እርዳታ ብቻ አይደለም፤ ሕመምተኛ ነውና ሕክምና ያሻዋል።

ይህ ሕክምና ቀድሞ የሚሰጠው ሕፃኑን አስተኝቶ ብቻ ነበር። በልዩ ልዩ ማዕድናት የበለጸገ ወተት በየሦስት ሰዓቱ ቀንና ሌሊት ይጠጣል፤ እናትም ሳምንታት ከአልጋው አጠገብ ትቆያለች። ሕክምናው በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን ከአርጆ ገጠር ቀበሌ ወደ ነቀምቴ የምትሄድ እናት ሌሎቹን ልጆች ለማን ትተዋለች? አዝመራውንስ ማን ይሰበስብላታል? በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሕፃን ከጎረቤቱ ተቅማጥና ሳል ይወስዳል። ብዙ እናቶች ሕክምናውን አቋርጠው ይመለሱ ነበር፤ ከእነርሱ የሚበዙት ደግሞ ከመጀመሪያውም አይመጡም። እኛ ከሁሉ የከፋ የምንለው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ከሐኪም ዘንድ ያልደረሰ ሕፃን በማንም መዝገብ ላይ አይቆጠርምና።

ለውጡ የመጣው ከዚሁ ከአገራችን መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳዊው አንድሬ ብሪየን ከሚሼል ሌስካን ጋር ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተዘጋጀ፣ ቪታሚንና ማዕድን የተጨመረበት ልቁጥ ሠሩ፤ ፕላምፒ ነት የሚባለው ነው። የወተት ዱቄት በገጠር ቤት ንጹሕ ባልሆነ ውኃ ሲበጠበጥ ራሱ በሽታ ያመጣል። ልቁጡ ግን ውኃ ስለሌለበት ተዋስያን በቀላሉ አይራቡበትም፤ እሳትም ሆነ ማብሰያ አይፈልግም። በ1993 ዓ.ም. ስቲቭ ኮሊንስ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በሀዲያ ዞን በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ 170 ሕፃናት ሆስፒታል ሳይተኙ በየቤታቸው ሆነው የታከሙበትን ውጤት መረመሩ። 144ቱ ዳኑ፤ 7 ሞቱ፤ 11 ወደ ሌላ ሕክምና ተላለፉ፤ 8 አቋረጡ። ክብደታቸው የጨመረው ተኝቶ በሚታከም ሕፃን ላይ ከሚጠበቀው ዝግ ብሎ እንደ ነበርም ሊታወቅ ይገባል። ሆኖም ዘግይቶ የሚድን ሕፃን ከነጭራሹ ካልታከመው ይሻላል። በ1999 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ይህን አሠራር በጋራ መግለጫ ደገፉት፤ በአገራችንም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጤና ኬላ ወረደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለውን ሕፃን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ሁለቱንም የእግሩን ገጾች በአውራ ጣት ለሦስት ሴኮንድ ያህል ተጭና ስትለቅ ስርጉዱ ከቀረም እብጠቱ ምልክት ነው። ቀጥሎ ልቁጡን በፊቷ እንዲበላ ይደረጋል፤ ይህ የምግብ ፍላጎት ፈተና የሚባለው ነው። በደንብ ከበላና ሌላ ሕመም ከሌለበት፣ ጸረ ተዋስያን መድኃኒትና በክብደቱ ልክ የተቆጠረ ልቁጥ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በየሳምንቱም ይመዘናል።

ሁሉም ሕፃን ግን በቤት አይታከምም። መብላት እንቢ ያለ፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ያለው ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን የሳተ፣ እብጠቱም መላ ሰውነቱን የያዘው ሕፃን ተኝቶ መታከም አለበት። ለእርሱ የአንድ ሌሊት መዘግየት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በቤት ውስጥ ሌሊት የምትነሣ ነርስ የለችም፤ ነርሷ እናት ናትና እነዚህን ምልክቶች እርሷ ልታውቃቸው ይገባል።

አባቶች ካህናትን የሚመለከተው ከዚህ ይጀምራል። ንስሐ አባት የጤና ሠራተኛ ከማይገባበት ጓዳ ይገባል፤ ቃሉም ይሰማል። አንደኛው ችግር ልቁጡን ለወንድምና ለእኅት ማካፈል ነው። የእናት አንጀት የሚያስገድደው ነገር ስለሆነ ቁጣ አይፈታውም። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ለሦስት ሲከፈል የታመመውን አያድንም፣ ጤነኞቹንም አያጠግብም። መድኃኒት እንደሆነና የአንድ ሕመምተኛ መድኃኒት ለሌላው እንደማይሰጥ ማስረዳት ይሻላል፤ በአፋን ኦሮሞ ለሚናገር ቤተሰብም በአፋን ኦሮሞ።

ሁለተኛው ጾም ነው። ወተት አለበት ተብሎ በዐቢይ ጾም የሚቋረጥ ከሆነ ካህኑ በግልጽ ሊናገር ይገባል፦ ቤተ ክርስቲያናችን ጾምን የምታዝዘው ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው፣ ይህ ሕፃን ደግሞ ታማሚ ነው። ጠበልም እንዲሁ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፤ የሳምንቱ ምዘና ቀን ግን በጠበል ምክንያት ሊያልፍ አይገባም። ሕፃኑን ጠበል ያመጣች እናት ጤና ኬላ መሄዷን መጠየቅ የአጥማቂው አባት ተግባር ቢሆን ምን ይጎዳል?

ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሕፃኑ ወደ ሆስፒታል ሲላክ መኪናው የሚታጣው ብዙ ጊዜ በሌሊት ነውና፣ ለታማሚው ማጓጓዣና ለአስታማሚዋ ምሳ የሚሆን ጥቂት ብር በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀመጥ፤ ጉባኤ እስኪጠራ ሳይጠበቅ እንዲከፈልም አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደግሞ እናት ነቀምቴ በምትከርምበት ሳምንት የቀሩትን ልጆችና ከብቶቹን ሊጠብቁላት ይችላሉ።