ርካሹ መለዋወጫ ስንት ያወጣል?

የአውቶቡስ ድርጅት የመለዋወጫ ጨረታ ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ነው። ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ ርካሽ የሆነው ዕቃ መንገድ ላይ ውድ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በ800 ብር የተገዛ የፍሬን ሸራ 20,000 ኪሎ ሜትር፣ በ1,200 ብር የተገዛው ደግሞ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 4 ሳንቲም ሲያስወጣ ሁለተኛው 3 ሳንቲም ብቻ ያስወጣል። የመካኒኩ የእጅ ዋጋና አውቶቡሱ ጋራዥ የቆመበት ቀን ሲታከልበት ልዩነቱ ይሰፋል። ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ እምቢ ካለ ደግሞ ጉዳቱ በብር አይተመንም።

ለዚህ ችግር መላ ከፈለጉት መካከል የህንድ ክፍላተ ሀገር የአውቶቡስ ድርጅቶች ይገኙበታል። ድርጅቶቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩም ከአገሪቱ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ጋር በመሆን በ1967 የመንገድ ትራንስፖርት ማዕከላዊ ኢንስቲትዩትን በፑኔ ከተማ አቋቋመ። ፑኔ በኢትዮጵያ ጎዳናዎች ስሙ የገነነው የባጃጅ ኩባንያ መቀመጫም ናት።

ኢንስቲትዩቱ ሦስት ተግባራትን አጣምሮ ያከናውናል፤ ይኸውም ሥልጠና፣ ጥናትና የመለዋወጫ ፍተሻ ነው። በፍተሻ ወቅት ባሌስትራ በማሽን ደጋግሞ እየተጫነ ስንት ጊዜ እንደሚችል ይታያል፤ የፍሬን ሸራ ሲግል የመያዝ ኃይሉና አበላሉ ይለካል። ማኅበሩ ለአባሎቹ በጋራ የዋጋ ውል ስለሚዋዋል፣ አቅራቢው በአንድ ውል ሰፊ ገበያ ያገኛል፤ አነስተኛው ድርጅትም የብዙዎቹን የመደራደር አቅም ይጋራል።

ሦስቱ ተግባራት የሚደጋገፉ ናቸው። የአንድ ጋራዥ መዝገብ የፍሬን ሸራ ቶሎ እንደሚያልቅ ካሳየ፣ ጥፋቱ የዕቃው መሆን አለመሆኑን የሚለየው ፍተሻ ነው። ዕቃው ደህና ከሆነ ጥያቄው ወደ መካኒኩ አገጣጠምና ወደ ሹፌሩ አነዳድ ይዞራል፤ መድኃኒቱም ሥልጠና ይሆናል። በድንገት እየፈጠነ በድንገት የሚይዝ ሹፌር ሸራውን ብቻ ሳይሆን ጎማውንና ናፍጣውንም ይጨርሳል። ሥልጠናው ለውጥ ማምጣቱ የሚታወቀውም በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደና በ10,000 ኪሎ ሜትር ስንት ብልሽት እንደደረሰ ተመዝግቦ ሲነጻጸር ነው።

ፍተሻ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ለጨረታ የቀረበው ናሙና ፈተናውን አልፎ በኋላ የሚራገፈው ዕቃ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ጠንቃቃ ገዢ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መጋዘን ከገባው ጭነት ላይ ራሱ መርጦ ያስፈትሻል።