በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት አሜባዎች

በሀገራችን በየቤቱ ስሙ ሳይነሣ የማይውል ደዌ ቢኖር አሜባ የሚሉት ነው። ሆዱን የቆረጠው ሰው «አሜባዬ ተነሣብኝ» ይላል፤ የበላው ያልተስማማውም «አሜባ አለብኝ» ይላል፤ ልጅ ባስቀመጠው ጊዜ ደግሞ እናት «ይህ አሜባ ነው» ትላለች። የስሙ መለመድ የነገሩን መታወቅ የሚያሳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ የተለመደ ስም ብዙ ጊዜ ያልታወቀን ነገር የሚሸፍን መጋረጃ ሆኖ ይገኛል። እኛም ለረዥም ዘመን ከዚሁ መጋረጃ በስተኋላ እንደ ነበርን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በቆቦ ክረምቱ በበረታበት ወራት፣ አንዲት ጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጅዋን አዝላ ወደ ቤታችን መጣች። ሕፃኑ ትኩሳት ነበረው፤ ያስቀመጠውም ደም የቀላቀለ ነበር። «የኔታ፣ ምን ባደርግ ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ከተማረ ሰው ምክር እንደምትጠብቅ ስላወቅን፣ አላውቅም ማለት አሳፈረንና «አሜባ ነው፤ ለእኅቱ ከታዘዘው ኪኒን የተረፈ ካለ ስጪው» አልናት። በሦስተኛው ቀን ብንጠይቀው፣ ዓይኑ ጐድጕዶ፣ ምላሱ ደርቆ፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው ሆኖ አገኘነው። ደንግጠን ተሸክመን ወደ ሐኪም ቤት ሮጥን። ሐኪሙ ሕፃኑን ከረዳ በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብሎ፣ በሕፃናት ላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሺጌላ ከተባለው ባክቴሪያ እንጂ ከአሜባ እንዳልሆነ፣ የሰጠነውም ኪኒን ሺጌላን ፈጽሞ እንደማይገድል በትሕትና አስረዳን። ሕፃኑ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። እኛ ግን በአፋችን የሚመላለሰውን ስም ትርጉም መጠየቅ የጀመርነው ከዚያች ቀን በኋላ ነው። ያገኘነውንም ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ዕዳችን ሆኖ ተሰማን።

አሜባ ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተሠራ ፍጥረት ነው። እጅና እግር የለውም፤ ገላውን ወደ ፊት እያፈሰሰ ይሄዳል፤ የሚበላውንም በገላው ከብቦ ይውጣል። በሰው አንጀት የሚኖረው አሜባ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው። አንደኛው በአንጀት ውስጥ እየተንቀሳቀሰ የሚራባበት ነው፤ በዚህ ጊዜ ከሰው ገላ ቢወጣ ፈጥኖ ይሞታል። ሁለተኛው በጠንካራ ቅርፊት ተጠቅልሎ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣበት ነው። ቅርፊት የለበሰው አሜባ ወርዱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም በርጥብ መሬትና በውኃ ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት በሕይወት ይቆያል፤ የጨጓራንም ኮምጣጣ ፈሳሽ ይቋቋማል። ሌላ ሰው ከውኃ ወይም ከምግብ ጋር ቢውጠው፣ ከትንሹ አንጀት ሲደርስ ቅርፊቱን ቀዶ ይወጣና ኑሮውን እንደ ገና ይጀምራል።

ይህን ፍጥረት በበሽተኛ ዓይነ ምድር ውስጥ አይቶ በዝርዝር የገለጸው ፌዮዶር ሎሽ የተባለው የሴንት ፒተርስበርግ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1875 ነበር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1903 ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪትዝ ሻውዲን «ኤንታሚባ ሂስቶሊቲካ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም ሥጋን የሚያሟሟ ማለት ነው። ስሙ ለግብሩ የተስማማ ነው፤ የአንጀትን ግድግዳ ቦርቡሮ ያቈስላልና፤ አልፎም በደም ተጕዞ ጕበት ውስጥ መግል ይቋጥራል።

ነገር ግን ሊቃውንቱን ያስጨነቀ አንድ እንቆቅልሽ ነበረ። ይኸውም አሜባ በዓይነ ምድራቸው የተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ አንዳች ሕመም ሳይሰማቸው በጤና መኖራቸው ነው። በ1925 ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት ለዚህ መልስ አቀረበ። ይህ ሰው በወጣትነቱ፣ ከ1901 እስከ 1903፣ ከዱ ቡር ደ ቦዛ የጉዞ ጓድ ጋር ሀገራችንን አቋርጦ ያለፈ ነው። መልሱም፦ አሜባው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ ያሳምማል፤ ሁለተኛው ምንም አይጎዳም የሚል ነበር። የማይጎዳውንም «ኤንታሚባ ዲስፓር» አለው፤ የማይመሳሰል ማለት ነው። ሁለቱ ቅርፊት ለብሰው ሲታዩ በማይክሮስኮፕ አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይቻል፣ ቃሉን የተቀበለው ሰው ጥቂት ነበር። እንክርዳድና ስንዴ በቡቃያነታቸው ሳሉ የአራሹን ዓይን እንደሚያሳስቱት ያለ ነገር ነው።

የብሩምፕት ቃል እውነት መሆኑ የታወቀው እሱ ካረፈ በኋላ ነው። በ1978 በእንግሊዝ ሀገር እነ ሳርጆንት ሁለቱ አሜባዎች በውስጣቸው የሚያመነጯቸው ኤንዛይሞች የተለያዩ መሆናቸውን አሳዩ። በ1993 ደግሞ ዳይመንድና ክላርክ የተባሉት ተመራማሪዎች የዘረመላቸውን ልዩነት ጨምረው በማስረዳት ሁለቱ የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን አጸኑ። በ1997 በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ተቀብሎ፣ ዲስፓር ብቻ የተገኘበት ሰው በአሜባ ምክንያት መድኃኒት ሊወስድ እንደማይገባው አስታወቀ።

ይህ ነገር ለሀገራችን ሩቅ አይደለም። በ2003 በታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያንና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በአንድነት ሆነው በወንጂና በአቃቂ ተቅማጥ ይዟቸው ወደ ሕክምና የመጡ ሰዎችን መርምረው ነበር። በማይክሮስኮፕ አሜባ አለባችሁ የተባሉት ሰዎች ናሙና በዘረመል ሲመረመር፣ ሥጋን አሟሚው ሂስቶሊቲካ አልተገኘም። በሚቀጥለው ዓመት በሀገራችን እስረኞችና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገው ምርመራም በብዛት ያገኘው የማይጎዳውን ዲስፓርን ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ክፉው አሜባ በኢትዮጵያ የለም ማለትን አይደለም። አሜባ ከተባለው ሕመም ብዙው በሌላ ምክንያት የመጣ መሆኑን፣ እውነተኛው ምክንያትም በዚህ ስም ተሸፍኖ ሳይታከም የሚቀር መሆኑን ነው እንጂ። በዚያ ክረምት በጎረቤታችን ልጅ ላይ የሆነውም ይኸው ነበር።

ሥጋን አሟሚው አሜባ ራሱም ቢሆን ከቦታ ቦታ፣ ከሰው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መጻሕፍት በእጅ ሲገለበጡ ጸሐፊው አልፎ አልፎ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ ወይም የተደገመውን ይዘላል። ከዚያ ቅጅ የሚገለበጡት መጻሕፍትም ያንኑ ስሕተት ይወርሳሉ፤ ስለዚህም አስተዋይ መምህር ስሕተቱን ተከትሎ የትኛው ከየትኛው እንደ ተቀዳ ሊያውቅ ይችላል። በአሜባውም ዘረመል ውስጥ እየተደጋገሙ የሚጻፉ አጫጭር ቃላት የሚመስሉ ክፍሎች አሉ፤ የድግግሞሻቸው ቍጥር ከአንዱ አሜባ ወደ ሌላው ይለያያል። በ2005 የአሜባው ዘረመል በሙሉ ተነብቦ ለዓለም ቀረበ። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የተደረጉት ጥናቶችም፣ ከአንድ አካባቢ ሰዎች የተገኙት አሜባዎች ሳይቀሩ እጅግ ልዩ ልዩ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ በአንድ በሽተኛ አንጀትና ጕበት ውስጥ የተገኙትም ሳይመሳሰሉ የቀሩበት ጊዜ አለ። የዚህ ዕውቀት ጥቅሙ፣ አንድ ልጅ ከዳነ በኋላ ደግሞ ቢታመም አሮጌው አሜባ አገርሽቶበት እንደ ሆነ፣ ወይስ ከሌላ ሰው አዲስ ተቀብሎ እንደ ሆነ ለመለየት ማስቻሉ ነው። አዲስ ከሆነ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የውኃው፣ የእጁና የመጸዳጃው ነው።

አሁን ዓይናችንን ወደ ራያ ቆላ እንመልስ። የቆቦ ሜዳ በስተ ምዕራብ በደጋው ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ በዞብል መካከል የተዘረጋ ነው። ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን ለማብቀል ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ በቦይ ወደ እርሻው ያስገባል፤ ይህም ከአባቶቹ የወረሰው ታላቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን ጎርፍ አፈር ብቻ ይዞ አይመጣም። በሜዳ የተጣለው ዓይነ ምድር ሁሉ ከእርሱ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ በሜዳ መጸዳዳት የአንድ ሰው ጕዳይ አይደለም፤ ላይ ያለው የጣለውን ታች ያለው ይጠጣዋልና። በመስኖ የሚለማው ቲማቲምና ቃሪያም ሳይታጠብ በጥሬው ሲበላ የዚሁ መንገድ ተካፋይ ይሆናል። ዝንብም ከሜዳው ወደ ገበታው ያመላልሰዋል።

ይህ የድኃ አገር ነገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር የቺካጎን ታሪክ ያስታውስ። በ1933 ለዓለም ትርዒት የተሰበሰቡ እንግዶች ባረፉባቸው ሁለት ሆቴሎች የቧንቧ ሥራ ተበላሽቶ ቆሻሻው ከንጹሕ ውኃ ጋር ስለ ተቀላቀለ፣ ከ1,000 በላይ ሰዎች በአሜባ ታመሙ፤ የሞቱም ነበሩ። ውኃው ከተበከለ የሆቴል እብነ በረድ አያድንም።

እንግዲህ ቤተሰብ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ውኃን ማፍላት ነው። ውኃ በሚገባ ሲፈላ ቅርፊት የለበሰው አሜባ ይሞታል፤ ለመጠጥ ውኃ የሚጨመረው የተለመደው ክሎሪን ግን ሁልጊዜ አይገድለውም። ሁለተኛው እጅ መታጠብ ነው። እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ አስቀድመው እጅ ማስታጠባቸው ጥንታዊ ልማዳችን ነው፤ ይህ ልማድ ከገበታ በፊት ብቻ ሳይሆን ከመጸዳጃ መልስም በሳሙና ቢፈጸም ብዙ ደዌ ይቀራል። በተለይም በማኅበርና በዝክር ቀን ለብዙ ሰው የሚያበስሉና የሚያቀርቡ ሰዎች ይህን ሊያስቡ ይገባል። በጾም ወራት በጥሬው የሚበላውንም አትክልት በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከተቻለም አብስሎ መብላት ይሻላል። ሦስተኛው በየቤቱ መጸዳጃ ጕድጓድ መቆፈርና በክዳን መሸፈን ነው።

ልጅ ያስቀመጠው እንደ ሆነ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የፈሰሰውን ውኃና ጨው መመለስ ነው። ስለዚህም ሕይወት አድን የሚባለውን ዱቄት በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ጡት የሚጠባውንም ማጥባት ይገባል። ደም የቀላቀለ እንደ ሆነ ግን አንድ ቀን ሳይታደር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ትኩሳት ይዞት በቀኝ ጐኑ ከጐድን አጥንቱ ሥር የሚያመው ትልቅ ሰውም፣ ተቅማጥ ባይኖረው እንኳ ለሐኪም ይንገር፤ የጕበት አሜባ ተቅማጥ ሳያሳይ ሊመጣ ይችላልና። እውነተኛው አሜባ ከተገኘ ሕመሙን የሚያስታግሰው ኪኒን ብቻውን አይበቃም፤ በአንጀት ውስጥ የቀረውን የሚያጠፋ ሁለተኛ መድኃኒት ስለሚያስፈልግ ሐኪሙ ያዘዘውን ሁሉ መፈጸም ይገባል። ከሌላ ሰው የተረፈ ኪኒን ግን በማንም ቤት ለማንም አይሰጥ።

ያ ሕፃን ዛሬ አድጎ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ፊደል ይቈጥራል። እናቱ በመንገድ ስታገኘን ከልብዋ ታመሰግነናለች፤ ተሸክመን ወደ ሐኪም ቤት መሮጣችንን ታስባለችና። እኛ የምናስበው ግን በመጀመሪያው ቀን የሰጠናትን ምክር ነው። ስለዚህ ዛሬ ጎረቤት ልጅዋን አዝላ ብትመጣ ስም አንሰጣትም፤ ውኃ አፍልተን ዱቄቱን እንበጠብጣለን፤ ከዚያም አብረናት ወደ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።