ያውቁ ኖሯል? አንድ ብሮውዘር፣ ብዙ ባለጉዳይ

ድረ ገጽ ሰውን በመልኩ እንደማይለይ ያውቁ ኖሯል? የሚለይዎ ኮምፒውተሩ ላይ በሚያስቀምጣት፣ ኩኪ በምትባል አጭር መረጃ ነው። ኩኪን በ1994 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የኔትስኬፕ ባለሙያው ሉ ሞንቱሊ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቢቀየርም ኩኪው እስካለ ድረስ ለድረ ገጹ ያው የቀድሞው ሰው ነው።

ይህ ለሐዋሳ ቀላል ነገር አይደለም። ፒያሳ፣ አቶቴና ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤቶች በአንዱ ኮምፒውተር የአንዱ ፓስፖርት ማመልከቻ፣ የሌላዋ የሥራ ምዝገባ፣ የሦስተኛው ዲቪ ይሞላል። ወረፋ ሲበዛ የአንዱ ጂሜይል ሳይዘጋ ሌላው ይቀጥላል። ያኔ ቀጣዩ ባለጉዳይ ኢሜይሉን ሊያይ ሲል የሰው ደብዳቤ ይከፈትለታል፤ ቅጹ ላይም ብሮውዘሩ የቀደመውን ሰው ስምና ስልክ ሊሞላ ይችላል። ዲቪ ደግሞ አንዴ ከተላከ አይታረምም፤ በአንድ ዙር ሁለቴ የሞላ ሰውም ከውድድሩ ይሰረዛል።

ክሮም ለዚሁ ብሎ «ጌስት» የሚባል መስኮት እንዳለው ያውቁ ኖሯል? ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክብ ምስል ሲጫኑ ያገኙታል። መስኮቱ ሲዘጋ ኩኪውም የተጎበኙ ገጾች ዝርዝርም ይጠፋል። ዳውንሎድ የተደረገ ፋይል ግን አይጠፋም! ስካን ተደርጎ የተላከ የልደት ካርድና መታወቂያ ኮምፒውተሩ ላይ የሚከማቸው በዚህ መንገድ ነው። ከዳውንሎድ ፎልደሩም ከሪሳይክል ቢኑም በእጅ ያጥፉት።

የክሮም ሌላው ታሪክ የማይመዘግብ መስኮት ኢንኮግኒቶ ነው፤ ሁለት የኢንኮግኒቶ መስኮቶች አንድ ኩኪ እንደሚጋሩስ ያውቁ ኖሯል? በአንደኛው የተከፈተ አካውንት በሁለተኛውም ክፍት ነው። ራስዎ ካልወጡ በቀር አካውንቱ የሚዘጋው ሁሉም የኢንኮግኒቶ መስኮቶች ሲዘጉ ነው።

ለራስዎ ሥራ ደግሞ የሚበጀው የክሮም ፕሮፋይል ነው። እያንዳንዱ ፕሮፋይል የራሱ ፓስወርድ፣ የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ቀለም አለው። የመሥሪያ ቤቱን ቀይ፣ የግልዎን አረንጓዴ ቢያደርጉ ዓይንዎ ገና ሳያነቡ ይለየዋል። ሆኖም ፕሮፋይል ቁልፍ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። የደንበኛ ጉዳይ በፕሮፋይል አይሠራም፣ በጌስት ነው።

ሌላው ብሮውዘር ፋየርፎክስ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮንቴይነር የሚባል ተጨማሪ (አድኦን) አለው። በአንድ መስኮት ውስጥ አንዱን ድረ ገጽ በሁለት አካውንት ጎን ለጎን ይከፍታል፤ ታቦቹንም በቀለም ይለያል። ሁለት የንግድ ገጽ ለሚያስተዳድር ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ክሮም በ2020 እ.ኤ.አ. ያመጣቸው ባለቀለም የታብ ቡድኖች ያምራሉ፣ ስምም ይወጣላቸዋል። አካውንት ግን አይለዩም።

በስሕተት የዘጉትን ታብ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቲ ይመልሰዋል። ከታብ ብዛት የጠፋብዎትን ደግሞ በክሮም ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤ ይፈልግልዎታል።

አካውንትዎን አንዱ ኢንተርኔት ቤት ከፍተው ትተው ወጥተው ከሆነስ? መመለስ አያስፈልግም። በስልክዎ የጉግል አካውንትዎን ሴኩሪቲ ገጽ ከፍተው አካውንትዎ ያለባቸውን መሣሪያዎች ይዩ፤ የማያውቁትን ከዚያው ያስወጡ። ቴሌግራምም በሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» በሚለው ስር ተመሳሳይ ዝርዝር አለው፤ ዛሬውኑ ቢያዩት ጥሩ ነው።